ቀጥተኛ ነው ወይስ ተለዋዋጭ?

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ወንድሜ ኸይረዲን፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።

አንተ፣ ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ያ አልሰማ ያለህ ግራ ጆሮህም ጭምር እንዴት ናችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ። ሙቀቱ ጋብ ብሏል፣ ሽንኩርቱም ጥሩ ይዟል። ስልክ ብደውልልህ «ሃ? ሃ?» እያልክ ምስጢሬን ለጅማ ሕዝብ ሁሉ ታሰማብኛለህ፤ ስለዚህ እንደ ልማዳችን ደብዳቤ በሹፌሩ በቢኒያም እጅ ልኬልሃለሁ። እሱ አዲስ አበባ ላይ ለጅማው ሹፌር ያስረክብልኛል።

«ደህና ነኝ ባልሽበት ደብዳቤ ላይ ሁለት ጊዜ ደከመኝ ብለሻል፤ የቱን ልመን?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሁለቱንም እመን። ደህና ነኝ፤ ይደክመኛልም። ከሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ከዚያ በላብ እጠመቃለሁ፣ በማግስቱ ደግሞ ተነስቼ ሽንኩርቴን እሸጣለሁ። ታይፎይድ ነው። ማን መረመረሽ እንዳትለኝ፤ እዚህ አገር ታይፎይድ የሌለበት ሰው የለም።

አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅህ ነው። አንዱ የአደባባይ ነው፣ አንዱ ምስጢር ነው።

የአደባባዩ ይሄ ነው። ባለፈው አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች መጥተው ልጄን ሰሀርን ለሐሚድ ጠየቁን። ሐሚድን ታውቀዋለህ፤ አንተው ነህ ኮሌጅ ውስጥ ሦስት ዓመት ኤሌክትሪክ ያስተማርከው። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፣ ለገበሬውም የውሃ ፓምፕ ይገጥማል። ሰሀር ትወደዋለች። አልነገረችኝም! ግን እሷ የምትሠራበት የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ የማይክሮስኮፑ መብራት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበላሻል፣ ሁለቱንም ጊዜ የሚጠግነው ሐሚድ ነው። እኔ ሞኝ አይደለሁማ። ለሽማግሌዎቹ «አጎቷ ልጁን ያውቀዋል፤ የእሱ ቃል ይምጣና እንመልሳለን» አልኳቸው። እንግዲህ የልጅቷ ትዳር አንተ ላይ ነው ያለው፤ ፀባዩን ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

ምስጢሩ ደግሞ፣ ሰንበቴ ገበያ ላይ አንድ ሰው ነጭ ጋውን ለብሶ በድምፅ ማጉያ ሲጮህ ሰማሁት። ጀርም በኮረንቲ የሚገድል ሳጥን ይሸጣል። ግድግዳው ላይ ትሰካዋለህ፣ ከሳጥኑ የሚወጡትን ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ግራና ቀኝ ትጨብጣለህ፣ ሩብ ሰዓት ትቀመጣለህ። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም እዚያው ይሞታል ነው የሚለው። «የእኔ ቀጥተኛ ነው» አለኝ። «ቀጥተኛው ኮረንቲ ጀርሙን ሄዶ ቀጥ ያደርገዋል፤ ተለዋዋጩ ወዲያና ወዲህ እያለ ያስጨፍረዋል እንጂ አይገድለውም።» ገዛሁት። ካራቆሬ ስሄድ ደግሞ ሌላው ሻጭ «ቀጥተኛውን ጀርሙ ይለምደዋል፤ የሚገድለው ተለዋዋጩ ነው» አይለኝም? ግራ ገባኝ። የእኔው ሲሰካ እንደ ንብ «እምም» ይላል፣ ስጨብጠው ይነዝረኛል፣ ሬዲዮኔም አብሮ ያጉረመርማል። ቀጥተኛ ነው ወይስ ተለዋዋጭ? የትኛውስ ነው የሚገድለው?

አደራህን! ሰሀር አታውቅም። ሳጥኑን ሽንኩርት ከማስቀምጥበት ጓዳ ነው የደበቅኩት፣ እሷ ሥራ ስትሄድ ነው የማወጣው። የአንተን የጉንዳን ፊደል ደግሞ እኔ አላነበውም፣ የምታነብልኝ እሷ ናት። ስለዚህ የሳጥኑን ስም እንዳትጠራ። «ያ የጠየቅሽኝ» ብቻ በል፤ እኔ ይገባኛል።

እህትህ ሙሀባ


ጅማ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ ሙሀባ፣ ወዐለይኩም ሰላም።

ሁላችንም ደህና ነን። ጆሮዬም እንዳለ አለ። ያን የጠየቅሽኝን ሳነብ ምሳዬን አልጨረስኩም። ሌላው ጉዳይ የደስታ ነው፤ ረጋ ብዬ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። ይሄኛው ግን ይቸኩላል።

ቀጥተኛ ነው ቢሉሽም ቀጥተኛ አይደለም። ተለዋዋጭ ነው። ከነገርሽኝ ጠባዩ ተነስቼ መማል እችላለሁ። በአንዲት ሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ የሚገለባበጥ ነው። ላይ ላዩን ረጋ ያለ ይመስላል፤ ጉዱ ውስጡ ነው። ደግሞም መሬት የለውም። መሬት የሌለው ቤት አይገባም እትዬ፤ አንድ ቀን ቤተሰብ ይጨርሳል።

እጅሽን እንዳትሰጪው። ግንኙነቱን ዛሬውኑ ቁረጪ። ለጎረቤትሽ ለሙሚናም እንዳታሳልፊው፤ እሷም ልጆች አሏት። እያሞገሰ ያቀረበልሽ ሰው ዓይን ያወጣ ውሸታም ነው፤ ተመልሶ ቢመጣ በሩን ዝጊበት።

ደግሞ ይህን ሁሉ ለምን አስፈለገሽ? እሱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ኸይረዲን


ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ኸይሩ፣

ሰላምታ የለም ዛሬ! ቤቴን አፈረስከው። አይ፣ እኔ ነኝ ያፈረስኩት። ያ ረቢ፣ ከየት ልጀምርልህ?

ለቅሶ ልደርስ ካራቆሬ ሄጄ ሁለት ቀን ቆየሁ። ደብዳቤህ ሐሙስ ገባ። ቢኒያም ለሰሀር ሰጣት። ሰሀር መቼም የሐሚድን ነገር ስትጠብቅ ነው የሰነበተችው፤ እኔ እስክመጣ አላስቻላትም። ከፈተችው። አሁን አንተ የጻፍከውን አንዴ እንደ ሰሀር ሆነህ አንብበው። «ቀጥተኛ አይደለም። ተለዋዋጭ ነው። እጅሽን እንዳትሰጪው። ግንኙነቱን ቁረጪ።»

ገባህ?

አርብ ጠዋት ደብዳቤውን ይዛ ሐሚድ ሱቅ ሄደች። አባቱም፣ የሽማግሌዎቹም አለቃ እዚያው ቁጭ ብለው ነበር። ቆማ አነበበችላቸው። እንባዋ እየወረደ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ አሉ፤ ያየ ሰው ነው የነገረኝ። «መሬት የለውም» የሚለው ላይ ስትደርስ የሐሚድ አባት ብድግ አለ። «መሬት የለውም? ሮቢ ወንዝ ዳር ያ ሁሉ ሽንኩርት የማን መሬት ላይ ነው የበቀለው? የአጎትሽ ጅማ ላይ?» «ያሞገሰልሽ ሰው ውሸታም ነው» ስትል ደግሞ የሽማግሌዎቹ አለቃ ዱላውን አነሳና ወጣ። ሰባ ዓመት ሙሉ ውሸታም ተብሎ አያውቅም ሰውየው! ሐሚድ «ሃምሳ ጊዜ» የምትለው ላይ ቀና ብሎ አያት፣ ደብዳቤውን «አንዴ ልየው» አላት፣ አየው፣ መለሰላት። በቃ።

ሙሚና ደግሞ «ለሙሚና እንዳታሳልፊው» መባሉን ከሰው ሰምታ ኩርፊያ ላይ ናት። «ልጄን ኢልሀምን ለእሱ እሰጣለሁ ብዬ ለማን ነገርኩ?» አለችኝ። ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ለመሆኑ ልጁ ምን ሆኖ ነው?» አለች። ዓይኗን አላመንኩትም።

ቅዳሜ ስመለስ ሰሀር አስቀምጣ አነበበችልኝ። ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ ስለ ሳጥኑ መሆኑ ገባኝ። እንዴት ልበላት? ልጄ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስትመረምር የምትውል ናት። በስንት ልፋት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እናቷ ጓዳ ተደብቃ፣ ሁለት ቧንቧ ጨብጣ፣ «ጀርሜ ሞተ ወይስ አልሞተ» እያለች ትንዘፈዘፋለች ልበላት? እሷም «አጎቴ ስለ ሰው በከንቱ አይናገርም፤ ከጻፈ የሚያውቀው ነገር አለ» እያለች ዝም ብላ ሽንኩርት ትመርጣለች። ላቦራቶሪው ሲዘጋ ትመጣለች፣ ሽንኩርት ትመርጣለች። መልካም መልካሙን ሁሉ መርጣ ጨረሰችው።

እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ። «ሌላ ሐሚድ መስሎኝ ነው፤ ይሄኛው ጨዋ ነው» ብለህ ጻፍ። ሁለት መስመር ብቻ። ስለ ሳጥኑ ምንም አትበል። አዎ፣ ውሸት ነው። ተውበት አደርግበታለሁ።

እህትህ ሙሀባ


ጅማ፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ ሙሀባ፣

ፊደሌን እንደ ዱባ አሳብጬ የጻፍኩት ብቻሽን እንድታነቢው ነው።

መጀመሪያ ይቅርታሽን። ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቅኩ። አምልጦኝ ነው። ሚስቴ «ምን ሆነህ ነው?» ብላ ሮጣ መጣች፤ አነበብኩላት፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ሁለታችንም ሰሀር ትዝ አለችን። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ኤሌክትሪክ ሳስተምር ኮረንቲን እንደ ሰው እየጠራሁ ነው የኖርኩት፤ ከአፌም ከብዕሬም አልወጣልኝም።

«ሌላ ሐሚድ» ግን አልልም። እኔ በአንድ እውነት ልጅቷን አስለቅሻለሁ፤ በውሸት ደግሞ አልድራትም።

አሁን የሳጥኑን ነገር በደንብ ልንገርሽ፤ ጥያቄሽ ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል። ቀጥተኛው ኮረንቲ እንደ መስኖ ቦያችሁ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈሳል። የባትሪ ድንጋይ የሚሰጠው እሱን ነው። ተለዋዋጩ ወንፊት ስትነፊ እንደምትወዘውዢው ወዲያ ወዲህ ነው፤ ግድግዳሽ ላይ ያለው እሱ ነው፣ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ይመላለሳል። «እምም» የሚለውም፣ ሬዲዮሽን የሚያስጮኸውም ያ ነው። «መሬት የለውም» ያልኩሽ ደግሞ አደጋ ሲመጣ ኮረንቲውን ወደ መሬት የምታወርደውን ሽቦ ነው። እሷ ከሌለች ኮረንቲው በሰው ነው የሚወርደው። በአንቺ ማለቴ ነው።

የትኛው ጀርም ይገድላል? ሳህን ላይ ያስቀመጥሽውን ጀርም ሁለቱም ሊገድሉት ይችላሉ። ሳሙናም ይገድለዋል፤ ሳሙና ግን አንውጥም። ያንቺ ጀርም ሳህን ላይ አይደለም፣ ሰውነትሽ ውስጥ ነው። እዚያ ድረስ ገብቶ ጀርም ለመግደል የሚበቃ ኮረንቲ አስቀድሞ አንቺን ይገድላል። አንቺን የማይገድለው ደግሞ ጀርሙን ዞር ብሎም አያየውም። ቀጥተኛም ይሁን፣ ተለዋዋጭም ይሁን። የሰንበቴውም የካራቆሬውም ሰውዬ ሲከራከሩ ይኑሩ፤ አንቺ ንቀይው። አሁን፣ ይህን እያነበብሽ፣ ተነሺና ንቀይው። እጅሽ ደረቅ ይሁን።

ነቀልሽው? አላህ ይስጥልኝ።

ስለ ሐሚድ ደግሞ፣ ሁለተኛ ዓመት ሳለ የኮሌጁን የኮረንቲ መለኪያ አቃጠለው። የመለኪያውን መምረጫ መንኮራኩር ተለዋዋጩ ላይ ማድረግ ሲገባው ቀጥተኛው ላይ ረስቶት ነው። ማንም አላየውም። በማግስቱ የተቃጠለውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቢሮዬ መጣና «ጋሼ፣ እኔ ነኝ» አለኝ። ሌላ ምስክር አልጨምርም። ይህችን ታሪክ በሌላ ወረቀት ለሰሀር ጽፌላታለሁ፤ እዚሁ ውስጥ አለች። ግን ስለ ሳጥኑ አንቺ በአፍሽ ነግረሻት፣ ከዚያ ነው የምትሰጪያት። እኔ ከሩቅ ሆኜ ጥፋትሽን አልናገርልሽም።

ለምን እንደገዛሽው ግን ዘለልሽው። ዘለልሽው እንጂ አልተረሳኝም።

ወንድምሽ ኸይረዲን


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ወንድሜ ኸይሩ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

«ነገርሻት ወይ?» ብለህ ሰው ልከህ ጠይቀኸኛል። አልነገርኳትም። ወረቀቷን ቁርኣኔ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አትቆጣ፤ ጻፍኩልህ እኮ። ሳጥኑን ግን ነቅዬዋለሁ። እኔ ብቻዬን እንኳ አልነቀልኩትም፤ አብሮኝ የነቀለ ሰው አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሰሀር ሥራ እንደገባች በሩ ተንኳኳ። ሐሚድ ነው። ደነገጥኩ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። «እማማ፣ ሰሀር እንደሌለች አውቄ ነው የመጣሁት፤ አይቀየሙኝ» አለ። «ሃምሳ ጊዜ የሚገለባበጥ ሰው የለም። ሃምሳ ጊዜ የሚገለባበጠው የግድግዳ ኮረንቲ ነው፤ ጋሼ ኸይረዲን የመጀመሪያው ቀን ያስተማሩን እሱን ነው። ይሄ ደብዳቤ ስለ እኔ አይደለም። እዚህ ቤት የሆነ ዕቃ አለ፤ ያሳዩኝ።»

ወደ ጓዳ ወሰድኩት። ሳጥኑን መጀመሪያ ነቀለ፣ ቀጥሎ ከፈተው። ውስጡ ምን ነበር መሰለህ? ሁለት ሽቦ፣ አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር፣ እና ድንጋይ። ድንጋይ! እንዲከብድ ብለው አስገብተውበት። የሰንበቴ ድንጋይ ተሸክሜ መጥቻለሁ እኔ እህትህ! ልስቅ ነበር። ሐሚድ ግን አልሳቀም፤ ፊቱ አመድ ሆነ። «በእርጥብ እጅ ጨብጠውት ያውቃሉ?» አለኝ። ሻጩ ጨርቅ በጨው ውሃ እየነከርሽ ጠቅልዪበት ብሎኝ አልነበር? ነገርኩት። ያኔ ነው የተቀመጠው።

ለሰሀር እንዳትነግራት ብዬ ለመንኩት። ምን አለ መሰለህ? «ምስጢሩ የእርስዎ ነው። እኔ ለማንም አልናገርም። ብቻ ደምዎን ታይልዎት።» «እንዴ፣ ካልነገርካት እኮ እሷ አትመለስልህም» አልኩት። «እሱ የእኔ ጉዳይ ነው እማማ» አለ፣ ሽቦዎቹን ቆረጠልኝ፣ ጫማውን አደረገና ሄደ። ሱቁ ደርሶ የሰው ሬዲዮ እየጠገነ ዋለ አሉ። ሰሀር በዚያ ስታልፍ ቀና ብሎም አላየም አሉ።

ኸይሩ፣ አፈርኩ። ይሄ ልጅ ለእኔ ምስጢር ብሎ የሚወዳትን ሊያጣ ነው። እኔ እናቷ ደግሞ ለእሷ ብዬ አፌን መክፈት አቃተኝ። አንድ ቀን «ሰሀር» ብዬ ጠራኋት። መጣች፣ ዓይኗን አየሁት፣ «ጨው አለቀ» አልኳት። ሌላ ቀን «ሰሀር» አልኳት፤ «ጨው ገዝቻለሁ እኮ» አለችኝ።

ሙሚና በየቀኑ ለሐሚድ እናት ሳምቡሳ መላክ ጀምራለች። ምን ፈልጋ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ አርብ ኅዳር 23 ለመጨረሻ ይመጣሉ፤ ለዕርቅ አይደለም፣ ነገሩ እንደቀረ በይፋ ለመናገር ነው። ከዚያ በኋላ የሐሚድ አባት በፈለገው በኩል ይሄዳል።

ምን ላድርግ?

እህትህ ሙሀባ


ጅማ፣ ኅዳር 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ፣

ስድስት ቃል ነው። «ሳጥን ገዛሁ። ደብዳቤው ስለ እሱ ነው።» ቁጠሪው።

አባቷ ከሞተ ጀምሮ ይህን ሁሉ ሽንኩርት በጀርባሽ ተሸክመሽ ያሳደግሻት ልጅ ናት። ስድስት ቃል ይከብድሻል? እንቢ ካልሽ እኔ ራሴ አርብ መጥቼ እናገራለሁ። ጆሮ የለኝም እንጂ አፍ አለኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅሽ። ለምን ገዛሽው?

ኸይረዲን


ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ውዱ ወንድሜ፣ የጉንዳን ፊደል ጌታ፣ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ!

ተቀመጥ። ሚስትህንም ጥራት፤ በቀኝ ጆሮህ በኩል ጮክ ብላ ታንብብልህ።

አርብ ሽማግሌዎቹ መጡ። የሐሚድ አባት መጣ፣ ሐሚድም መጣ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሙሚና ወጥ ላግዝሽ ብላ መጥታ ማጀት ቁጭ ብላለች፤ ጆሮዋ ግን ሳሎን ነው። ሰሀር ከመጋረጃው ኋላ ናት። የሽማግሌዎቹ አለቃ «ውሸታም በተባልንበት ቤት ብዙ አንቀመጥም» ብሎ ጀመረ። የአንተን ስድስት ቃል በልቤ ስደጋግማት ነው ያደርኩት፤ ግን አፌ ላይ ስትደርስ ጠፋችኝ። ተነሳሁ። ጓዳ ገባሁ። ሳጥኑን በትልቁ ትሪ ላይ አድርጌ፣ ምግብ እንደሚቀርብ ይዤ ወጣሁና መሃላቸው አስቀመጥኩት።

«ተለዋዋጩ ይሄ ነው» አልኩ። «ሃምሳ ጊዜ የሚገለባበጠውም፣ መሬት የሌለውም ይሄ ነው። ጀርም ይገድላል ብለውኝ ገዝቼ፣ ልጄን ፈርቼ ደብቄው፣ ወንድሜ ስሙን እንዳይጠራ ነግሬው ነው። ስለ ሐሚድ ማንም ክፉ አልተናገረም።»

የሐሚድ አባት ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን በጣቱ ነካ አደረገና «ታዲያ የኔ መሬት?» አለ። «መሬትህ አለ፤ የእሱ ነው የሌለው» አልኩት። የሽማግሌዎቹ አለቃ ደግሞ ቀስ ብሎ «ውሸታሙስ?» አለ። «የሰንበቴው ባለ ነጭ ጋውን!» አልኩ። ድንጋዩን አንስቼ አሳየሁት። ሰውየው ድንጋዩን ተቀበለ፣ በእጁ መዘነው፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ሲስቅ ነው! ከዚያ ቤቱ ሁሉ ፈረሰ በለው። ማጀት ሙሚና ጭልፋ ጥላ ስትስቅ ይሰማኛል፤ አላህ ይስጣት፣ ሳምቡሳዋ ሁሉ ሜዳ ቀርቶ እንኳ ከልቧ ነው የሳቀችው።

ያልሳቀች ሰሀር ብቻ ናት። ከመጋረጃው ወጣች። ሁሉን ትታ ወደ ሐሚድ ሄደች። «ታውቅ ነበር?» አለችው። «አዎ» አላት። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» «የእኔ ምስጢር አልነበረማ።» ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበችው። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ፣ ምንጣፍ የሚቆጥሩ መሰሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እጄን ያዘችና መዳፌን ገልብጣ አየችው፤ ቱቦው የነካበትን ቦታ ጣት በጣት ፈተሸችው። «ነይ» አለችኝ። «ወዴት?» «ደምሽን ላየው ነዋ።» እንግዶች እያሉ ብዬ ብለምን አልሰማችም። ሽማግሌዎቹ «ሂዱ፣ ምሳ እየበላን እንጠብቃለን» አሉ፤ ሙሚና አቀረበችላቸው። እኔ በልጄ እጅ እየተጎተትኩ ጤና ጣቢያ!

ደሜን ራሷ ቀዳች። ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኗን አድርጋ ስትቆይ፣ ኸይሩ፣ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረስኩት። አሁን ሦስት ጊዜ የጠየቅኸኝን እመልስልሃለሁ። አባቷ በጉበቱ ሲሞት አጀማመሩ እንዲህ ነበር። ብርድ ብርድ፣ ከዚያ ላብ፣ በማግስቱ ደህና። እሱ ያለፈበት መንገድ ላይ የገባሁ መሰለኝ። ልጄ ደሜን ካየችው የእሱን በሽታ ታገኝብኛለች፣ ደስታዋም ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ሳልድራት እንዳልሞት ነው ሳጥኑን የገዛሁት። ለሌላ ለምንም አይደለም። ልድራት ብዬ በገዛሁት ሳጥን ትዳሯን ላፈርሰው ነበር።

ሰሀር ቀና አለች። «እማዬ» አለችኝ፣ «ወባ ነው።» «ታይፎይዱስ?» «ታይፎይድ የሚባል የለብሽም። ያቺ ጉበት ውስጥ እየተደበቀች የምትመለሰዋ ወባ ናት። በአሥራ አራት ቀን ክኒን ትነቀላለች።» «ሌላ ምንም የለም?» አልኳት። «ሌላ ምንም የለም።» እዚያው የታካሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ ነገርኳት። አቅፋኝ እሷም አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ «ድንጋይ ታክሜያለሽ እኮ እማዬ!» እያለች። ተሳስታ ነው «ታክሜያለሽ» ያለችው፤ ቋንቋ እንኳ ጠፋባት ልጄን።

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ዱዓ እያደረጉ ነው። «ምን ሆነች?» አሉ። «ወባ ብቻ!» ስላቸው ለወባ እልል የተባለው በዓለም ላይ የኛ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የአንተን ወረቀት ከቁርኣኔ አውጥቼ ለሰሀር ሰጠኋት፤ የመለኪያውን ታሪክ ጮክ ብላ አነበበች፣ የሐሚድ አባት «ይሄንንስ ለእኔ አልነገርከኝም!» ብሎ ልጁን ገላመጠው። እኔም ልጄን በአደባባይ ሰጥቻለሁ አልኩ።

ቀኑ ይቆረጥ ተባለ። መቼም የሚቆርጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አንዱ ከረመዳን በፊት አለ፣ አንዱ ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ አለ። ሰሀር ከመጋረጃው ኋላ ሆና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «የእናቴ ክኒን ባለቀ ማግስት» አለች።

አለቃው «ልጄ፣ የኒካ ቀን በክኒን ይቆረጣል እንዴ?» አላት።

«የኔ ይቆረጣል» አለች።

እንዲህ ሆኖ ነው ቅዳሜ ታኅሣሥ 8 የሆነው። ክኒኑን በየማለዳው በእጇ ነው የምታጎርሰኝ፣ እስክውጥም ከፊቴ አትሄድም። ዛሬ ሰባተኛውን ዋጥኩ። ሰባት ቀርቶኛል። ቶሎ ተነስና ና።

እህትህ ሙሀባ